የረሳ ሰው ፈቃድ

ሰው በውል የሚታሰረው በፈቃዱ ነው ከተባለ፣ ነገሩን ፈጽሞ ከረሳው በኋላ ፈቃዱ ጸንቶ ይኖራል ወይ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። የመኪናን ፍጥነት በስልክ የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ይህን ጥያቄ እንደገና አንሥተውታል። መተግበሪያው ከጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት የስልኩን ቦታና ፍጥነት ያሰላል፤ ምልክቱ ለዓለም ሁሉ ያለ ክፍያ የሚለቀቅ ሲሆን፣ ገንዘብ የሚጠየቀው ለማሳያው ነው። ክፍያውም ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው «ሰብስክሪፕሽን» በሚባለው፣ ማለትም ደንበኛው እስኪሰርዘው ድረስ በየሳምንቱ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በራሱ በሚታደስ ውል ነው።

በዋግ ከሰቆጣ ደጋ ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርድ ሾፌር የመኪናው የፍጥነት ጌጅ ቢበላሽበት፣ መተግበሪያውን በነጻ ሙከራ ጭኖ ውጭ አገር ባለ ወንድሙ ካርድ ሊመዘገብና ጌጁ ሲጠገን ከስልኩ ሊያጠፋው ይችላል። ሆኖም መተግበሪያውን ማጥፋት ውሉን አያፈርስም፤ ስረዛው የሚፈጸመው በሌላ ገጽ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ነገሩ አለቀ ብሎ ባመነበት ጊዜ ከወንድሙ ሒሳብ ገንዘብ መቆረጡ ይቀጥላል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። በቁጥር 1684 ነባር ውልን ለማስቀጠል የቀረበ ሐሳብ በጊዜው ካልተነቀፈ ተቀባይነት እንዳገኘ ቢቆጥርም፣ ለዚህ ዝምታው መቀበል እንደሚሆን በልዩ ጽሑፍ መነገር አለበት ይላል። ሻጩ ግን ደንበኛው መታደሱን ገና ሲመዘገብ ተቀብሏል ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ቃል መግባት ማለት ስለሚመጣው ቀን ዛሬ መታሰር ነው።

ይህን ክርክር ለመመዘን የጽዋ ማኅበርን ማየት ይጠቅማል። ጽዋ ማኅበር በዋግም ሆነ በሌላው የኦርቶዶክስ አገር ምእመናን በአንድ ቅዱስ ስም ተሰባስበው በየወሩ በተራ የሚደግሱበት ማኅበር ሲሆን፣ አባልነቱ ዕድሜ ልክ ሊዘልቅ፣ ከአባት ወደ ልጅም ሊወርድ ይችላል፤ በጽናቱ ከየትኛውም የስልክ ውል ይበልጣል። ያም ሆኖ የሚቀጥለው ወር ድግስ በዝምታ በማንም ላይ አይወድቅም። የዕለቱ ደጋሽ ጽዋውን ያስረክባል፤ ባለ ተራውም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ፣ በካህኑ ጸሎት በእጁ ይቀበላል። ቃሉ የቆየ ነው፤ ሸክሙ ግን በየተራው በታወቀ እጅ ይነሣል።

ቤተ ክርስቲያን በማወቅና ባለማወቅ የተሠራን ኃጢአት ለይታ የምታየው፣ ፈቃድ ያለ ዕውቀት ሙሉ እንዳልሆነ ስለምታውቅ ነው። በዚህ ሚዛን፣ ከስልኩ ላይ ስለሌለ መተግበሪያ ከረሳ ሰው የሚወሰድ ገንዘብ ሰጪው ስላላወቀው ስጦታ፣ በምትኩ የተገኘ ነገር ስለሌለም ዋጋ ሊባል አይችልም። አገልግሎቱ ሥራ ላይ አለመዋሉን ማወቅ የሚችለው ሻጩ ነውና፣ እያወቀ የተቀበለው ገንዘብ ሕግ ባይከሰውም በኅሊና ፊት ያለ አግባብ የተወሰደ ነው።

ሻጮች ከእያንዳንዱ እድሳት በፊት ደንበኛውን እንዲጠይቁ ሕግ ሊያስገድዳቸው ይገባል። እስከዚያው አንባቢ ክፍያው በተመዘገበበት አካውንት፣ በአንድሮይድ ስልክ ፕሌይ ስቶርን፣ በአይፎን ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ስሙን ነክቶ የሰብስክሪፕሽን ዝርዝሩን ይመልከት፤ የማይፈልገውንም የእድሳቱ ቀን ሳይደርስ ይሰርዝ።