ያለ መልእክት ስለ መሮጥ

ከመሮጥ ማንጋጠጥ ይላሉ አባቶች። የምሳሌው ትርጉም የታወቀ ነው፤ ሰው በጉልበቱ ታምኖ ወዲያና ወዲህ ከሚባክን ይልቅ ዓይኑን ወደ ፈጣሪው አቅንቶ ቢለምን ይሻለዋል ማለት ነው። ነገር ግን ምሳሌው የተነገረው ጉዳይ ኖሮት ስለሚሮጥ ሰው ነው፤ እንጀራ ፍለጋ፣ ሹመት ፍለጋ፣ ፍርድ ፍለጋ ስለሚሮጠው። የሚያባርረውም የሚጠራውም ሳይኖር ከቤቱ ወጥቶ ሮጦ ወደዚያው ወደ ቤቱ ስለሚመለሰው ሰውስ ምን ይባላል?

እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብርቅ አይደለም። በአዳማ፣ ማለት በቀድሞ ስሟ በናዝሬት፣ ጎሕ ሲቀድ በአስፋልቱ ዳር ይታያል፤ በሶደሬ በአዋሽ ወንዝ ዳር ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ ይሮጣል፤ በቢሾፍቱም በሐይቆቹ አጠገብ እንዲሁ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ስለ ሆነች ሯጩ ፀሐይ ሳትበረታ ይወጣል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሩጫውም የሽልማት አይደለም። በዚያው መንገድ ላይ ግን ሌሎችም አሉ። ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትስም የወጣች እናት ትሄዳለች፤ ጋሪውን የሚነዳ ጎልማሳ ያልፋል፤ እንጨት የተሸከመች ሴት ጎንበስ ብላ ትመጣለች። ለእነዚህ ሁሉ መንገዱ የጉዳይ መንገድ ነው። ሸክም ያለባት ሴት፣ ሸክም የሌለበት ሰው ላብ እያጠመቀው ሲያልፋት አይታ፣ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው ብትል አይፈረድባትም። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ጉልበት የእግዚአብሔር ስጦታ ከሆነ ያለ ጉዳይ ማፍሰሱ ነውር ነውን ወይስ አይደለም?

በካልእ መጽሐፈ ሳሙኤል በ18ኛው ምዕራፍ ይህን የሚመስል ታሪክ አለ። አቤሴሎም በጦርነት ከሞተ በኋላ ኢዮአብ ወሬውን ለንጉሡ ለዳዊት እንዲያደርስ አንድ ኩሻዊ ሰው ላከ። የሳዶቅ ልጅ አኪማአስም ልሩጥ ብሎ ለመነ። ኢዮአብ የሚያተርፈው ነገር እንደሌለ ነግሮ ቢከለክለው እንኳ እሺ ስላላለ ተፈቀደለት፤ በሜዳውም መንገድ ሮጦ ኩሻዊውን ቀደመው። ንጉሡ ስለ ልጁ በጠየቀው ጊዜ ግን እርግጡን የሚናገር አልሆነም፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እንዲቆም ታዘዘ። ኋላ የደረሰው ኩሻዊ መልእክት ነበረውና ተናገረ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ መቅደም ብቻውን ዋጋ የሌለው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን፣ አኪማአስ ስለ ሮጠ አለመነቀፉ ነው፤ ንጉሡ ገና ከሩቅ መምጣቱን በሰማ ጊዜ መልካም ሰው መሆኑን መስክሮለታል። ወደ ጎን ያስቆመው መሮጡ ሳይሆን ደርሶ የሚሰጠው ማጣቱ ነው።

ከዚህ የበረታ ክርክር ደግሞ አለ። ተከራካሪው እንዲህ ይላል፤ ይህ የጠገበ ሰው ሩጫ ነው። ከሚበቃው በላይ በላ፣ የበላው ከበደው፣ የከበደውን በላብ ሊያወጣ ይሮጣል፤ ጎረቤቱ ግን ያንኑ ምግብ አጥቶ ጦሙን አድሯል። ቅዱስ ባስልዮስ በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጠው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል፤ እንደዚሁ በከንቱ የሚፈሰው ጉልበት ረዳት ያጣው ሰው ገንዘብ አይደለምን? ያንን አንድ ሰዓት የአንዲት አሮጊት እንስራ ቢሸከምበት አይሻልምን?

ይህ ክርክር እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ የጠገበ ሰው ሊጠየቅበት ይገባል። ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ጉልበት እንደ ልብስ በሣጥን አይቀመጥም። ልብስ ባይለብሱት ለሌላ ይተርፋል፤ ጉልበት ግን ካልሠሩበት ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ የሚጽፍ፣ በሱቁ ተቀምጦ የሚሸጥ፣ መኪና ሲነዳ የሚውል ሰው የአሮጊቷን እንስራ ልሸከም ቢል እንኳ ወገቡ አይታዘዝለትም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዐዋቂ ሰው ለጤንነቱ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። ባላገር ይህን እርሻው ይሰጠዋል፤ ከተሜው ግን ፈልጎ ካላገኘው አይመጣለትም።

ቤተ ክርስቲያንም ሥጋን ያለ ሥራ አትተወውም። በስቅለት ዕለት ምእመናን እስኪደክሙ ይሰግዳሉ፤ ካህናት መቋሚያ ይዘው በማሕሌት ቆመው ያድራሉ። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የዝቋላ ተራራ አለ፤ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ቀን በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ብዙ ሕዝብ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሥጋን ማስለመድን ፈጽሞ አልነቀፈም፤ ጥቂት ጥቅም እንዳለው ተናግሮ ከመንፈሳዊው በታች አስቀመጠው እንጂ። ጥፋቱ ጥቂት የተባለውን ብዙ ማድረግ ነው። ሰውነቱን በመስተዋት እያየ የሚመካ፣ የሮጠውን ኪሎ ሜትር ለባልንጀሮቹ እየቆጠረ የሚኩራራ፣ እሑድ ለሩጫ ብሎ ከቅዳሴ የሚቀር ሰው ጥቂቱን ብዙ አድርጎታል።

ጉልበት ብድር መሆኑን ኢትዮጵያ በልጆቿ አይታለች። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። በ1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ከዱት። እርሱም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ በቀስት ተወዳደረ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። እግሩን ያጣው ሰው ክብሩን አላጣም፤ ክብሩ በእግሩ ብቻ አልነበረምና። ከናዝሬት በስተ ደቡብ በአሰላ ደጋ ያደገው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ደብተሩን በክንዱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ኋላ በዓለም ፊት ያስመሰገነው እግር መጀመሪያ የሮጠው ለመማር ነው።

ባለሙያዎች ለጤና የሚሮጠውን ሰው ልኩን የሚያውቅበት ምልክት ይሰጡታል፤ እየሮጠ መነጋገር ከቻለ ሩጫው ልከኛ ነው፣ ትንፋሽ አጥሮት ቃል ማውጣት ካቃተው በርትቶበታል። ይህ የሐኪም ምልክት የምግባርም ምልክት ሊሆን ይችላል። በአገሩ ልማድ ሰው ሰውን ሰላም ሳይል አያልፍም። ጆሮውን በዘፈን ደፍኖ፣ ዓይኑን በሰዓቱ ላይ ተክሎ የሚሮጥ ሰው ሸክም ያለባትን ሴት እንደ ግንድ ያልፋታል። እናቴ እንደምን አደሩ ለማለት ትንፋሽ የቀረለት ግን ሸክሟ ቢወድቅ ያያል፤ ቆሞም ያሸክማታል። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሠረገላ ሮጦ በደረሰበት ጊዜ፣ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ የሚጠይቅበት ትንፋሽ ነበረው። ባይኖረው ኖሮ ሩጫው ለጃንደረባው ምን ይጠቅመው ነበር?

እንግዲህ ያለ ጉዳይ መሮጥ በራሱ ነውርም ጽድቅም አይደለም፤ ፍርዱ ያለው በመንገዱ ላይ ሳይሆን ሯጩ ሲመለስ በደጃፉ ነው። ያገኘውን ጉልበት የታመመ አባቱን ደግፎ ለማንሣት፣ የጎረቤቱን ቀብር ለመቆፈር፣ ሥራውን ሳይሰለች ለመፈጸም ካዋለው፣ ሲወጣ ያልነበረውን መልእክት ሲመለስ አግኝቷል። የአባቶችም ምሳሌ አይሻርበትም፤ የሚሮጥ ሰው ማንጋጠጥ ይችላልና። ታጥቦ ተቀምጦ ራሱን ብቻ የሚያመሰግን ከሆነ ግን አኪማአስን ይመስላል፤ ቀድሞ ደርሷል፣ የሚናገረው ግን የለውም።