የአንድ እሳት እራት ስም፦ ንባቡና አንድምታው

ቢስቶን ቤቱላሪያ (ሊኒየስ፣ 1758)።

በቤተ መዘክር ሣጥን ውስጥ፣ በመርፌ ከተሰካው የእሳት እራት ሥር፣ በትንሽ ወረቀት የምትጻፍ መስመር ናት። ንባቧ አጭር፣ ትርጓሜዋ ረጅም ነው።

ቢስቶን።

ወገኑን መናገሩ ነው። ቢስቶን በግሪኮች ተረት የጦር አምላክ የአሬስ ልጅ ነው። ከእሳት እራት ጋር ምን አገናኘው ቢሉ፥ ስም ሁሉ መልክ ይግለጽ የሚል ሕግ የለም፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊች በ1815 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወገኑን ሲያቆም ይህን ስም ሰጠው።

አንድም፥ ከማን ቤት ነው ቢሉ፥ ከጂኦሜትሪዴ ነው። ቤተሰቡ «መሬት ለኪ» መባሉ ስለ ትሉ ነው። የሌሎች እሳት እራቶች ትል አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ በኩል አምስት ጥንድ ሥጋማ እግር አለው፤ ይህ ግን ሁለት ጥንድ ብቻ፥ እነዚያም ወደ ኋላው። መካከሉ እግር አልባ ነውና ኋላውን ወደ ፊት ስቦ ጀርባውን ያጎብጣል፥ ቀጥሎ ፊቱን ይዘረጋል፤ ጨርቅ በስንዝር እንደሚለካ ሰው።

አንድም፥ ኢኖሚኔ ከሚባለው ንዑስ ቤተሰብ ነው። ምልክቱ ጉድለት ነው፦ በኋላ ክንፉ መካከል ሊኖር የሚገባው ሥር ደብዝዞ ወይም ጠፍቶ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ምልክት ብቻውን ማመን ይከብዳል፤ ሥር በተለያየ ዘር ለየብቻው ሊጠፋ ይችላልና።

አንድም፥ የወገኑን ስም የሚሸከመው ዝርያ ማን ነው ቢሉ፥ ቤቱላሪያ አይደለም፤ ሊች ፕሮድሮማሪያ ብሎ የጻፈው ነው። ምሥጢሩ፦ ነገ አንድ ሊቅ ተነሥቶ ሁለቱን ወገን ለወገን ቢለያቸው፥ ቢስቶን የሚለው ስም ከፕሮድሮማሪያ ጋር ይቀራል፤ ለዝነኛው ቤቱላሪያ ሌላ ስም ይፈለግለታል።

ቤቱላሪያ።

ቤቱላ በርች የሚባለው ዛፍ ነው፤ ትሉ ቅጠሉን ይበላልና። እርሱን ብቻ ነውን ቢሉ፥ አይደለም፤ ኦክም፣ አኻያም፣ ሌላም ብዙ ዛፍ ይበላል።

አንድም፥ መጨረሻውን «አሪያ» ማለቱ። ሊኒየስ አንቴናቸው ሁለት ረድፍ ጥርስ ያወጣውን በ«አሪያ»፥ ቀጭን ክር የሆነውን በ«አታ» ይጨርስ ነበር። ወንዱን በአጉሊ መነጽር ያየ ጥርሱን ያገኘዋል፤ የሴቷ ግን ተራ ክር ነው። የሊቁ ምደባ በወንዱ ተመስሎ ቀረ።

ታሪክ፦ በ1848 በማንችስተር ጥቁሩ ተገኘ። ሌላ ዝርያ ነውን ቢሉ፥ አይደለም፤ ከነቁጣማው ነጭ ጋር ይዳቀላል፥ ከአንዲት እናት እንቁላልም ሁለቱ መልክ ይወጣል። የጥቁረቱ መንሥኤ በ2016 ተገለጠ፦ ኮርቴክስ በሚባለው ዘረመል ውስጥ ዘልሎ የገባ፣ 22 ሺህ ገደማ ፊደል ያለው ቁራጭ። የከሰል ጢስ ባጠቆረው ግንድ ላይ ወፍ ሳያየው ስለሚያመልጥ በዛ። ይህን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሁሉ ያወሩታልና አላረዝመውም።

(ሊኒየስ፣

ቅንፉን ዘሎ ማለፍ አይገባም፤ እንደ እኔ የመስመሩ ፍሬ እርሱ ነው። ስሙን ያወጣው ሊኒየስ ነው፥ ያኖረበት ወገን ግን ሌላ ነበር ሲል ነው። ሊኒየስ የእሳት እራትን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ፋሌና በሚል አንድ ወገን አስገብቶ፥ ጂኦሜትራን የዚያ ክፍል አድርጎት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የእንግሊዝ መጻሕፍት አምፊዳሲስ ቤቱላሪያ አሉት። ወገን ፍርድ ነው፥ ይግባኝ ይባልበታል፤ ቤቱላሪያ የሚለው ግን በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል።

አንድም፥ ዝርያም ቢሆን ይግባኝ አይቀርለትም። ፈረንሳዊው ጌኔ የሰሜን አሜሪካውን ኮግናታሪያ፥ ዘመድ፥ ብሎ ለብቻው አቁሞት ነበር። በ1975 ፍሬድሪክ ሪንጅ ዝምድናውን አጠበቀና የቤቱላሪያ ንዑስ ዝርያ አደረገው።

1758)።

«ሲስቴማ ናቱሬ» ለአሥረኛ ጊዜ የታተመበት ዓመት ነው፤ የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ሁሉ ከዚህ ወዲህ ይቆጠራል። ዓመት ለምን ይጻፋል ቢሉ፥ ለአንድ ፍጥረት ሁለት ስም ሲገኝ የቀደመው እንዲረታ ነው። ሊች የተቀበለው ፕሮድሮማሪያ ዴኒስና ሺፈርሙለር በቪየና በ1775 ያወጡት ስም ነው። ነገር ግን ሑፍናገል ያንኑ እሳት እራት በ1767 ስትራታሪያ ብሎት ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ ቢስቶንን የሚሸከመው ስትራታሪያ ይባላል፤ ፕሮድሮማሪያ በተመሳሳይ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ።