የሌላውን ሕልም ማን ይፍታ?

ሕልም ያየ ሰው በማለዳ ቡና ላይ መተረክ ሲጀምር፣ ሰሚው አስቀድሞ «በጎ ያድርገው» ይላል። ቃሉ ከጨዋነት ያለፈ ነው። «ሕልም እንደ ፈቺው» የሚል ሕዝብ የሌሊቱ ራእይ ዕጣ በሰሚው አንደበት ላይ እንዳለ ስለሚያምን፣ ከፍቺው በፊት መልካም ቃል ያስቀድማል። ተመሳሳይ እምነት በአይሁድ ታልሙድ ውስጥም አለ፤ በኢየሩሳሌም የነበሩ 24 ሕልም ፈቺዎች አንዱን ሕልም በ24 መንገድ እንደፈቱትና ሁሉም እንደተፈጸመ ይተረካል። ፍቺ ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ የሌላውን ሕልም የመፍታት መብት ያለው ማን ነው?

ጃፓናዊው የፊልም ባለሙያ ሺንያ ፁካሞቶ ይህንኑ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2006 በቀረበው «የቅዠት መርማሪ» በተሰኘ ፊልሙ በአስፈሪ መልክ ያነሣዋል። ፁካሞቶ በአነስተኛ ገንዘብ፣ ብዙውን ሥራ በራሱ እጅ መሥራት የለመደ ሰው ነው፤ ይህንንም ፊልም ጽፎ፣ አዘጋጅቶና አቀናብሮ ራሱ ተውኖበታል። በታሪኩ ውስጥ ሰዎች በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በገዛ እጃቸው ሞተው ይገኛሉ። ከመሞታቸው በፊት በስልክ ያነጋገሩት «ዜሮ» የሚባል ሰው ወደ ሕልማቸው ይገባል። ጉዳዩን የያዘችው ፖሊስ እንደዚሁ ወደ ሰው ሕልም መግባት የሚችል ካጌኑማ የተባለ ወጣት ዘንድ ትሄዳለች። እርሱ ግን የሰውን የውስጥ ስቃይ መስማት ስለመረረው እምቢ ይላል። የሁለቱ ችሎታ አንድ ነው። ነገር ግን አንዱ የሕልመኛውን ተስፋ መቁረጥ ወደ ሞት ይገፋል፤ ሌላው እያንገራገረም ቢሆን ሕልመኛውን ይዞ ለመውጣት ይታገላል።

እዚህ ላይ አንድ ሙግት ይነሣል። ፈቺ እውነትን መናገር እንጂ ማባበል አይገባውም የሚል ሰው ዮሴፍን ሊጠቅስ ይችላል፤ በእስር ቤት ለጠጅ አሳላፊው መሾሙን፣ ለእንጀራ አበዛው መሰቀሉን ሳይሸሽግ ነግሯቸዋልና። ሙግቱ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ ያው ዮሴፍ በፈርዖን ፊት ሰባቱ የከሱ ላሞች የሰባት ዓመት ረኃብ መሆናቸውን ተናግሮ አላበቃም። እህል እንዲከማች መከረ፤ የማከማቸቱንም ሥራ ራሱ ተሸከመ። ክፉ ሕልምን ፈትቶ መሄድና ፈትቶ ሸክሙን መጋራት የተለያዩ ናቸው።

ነገሩ በፊልምና በጥንት ታሪክ ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 በናይሮቢ በዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ በተጀመረው ጥቃት 67 ሰዎች ሲገደሉ፣ ብዙ ቁስለኞች የተወሰዱት በአጎራባቹ ፓርክላንድስ ወደሚገኙት አጋ ካንና ኤም ፒ ሻህ ሆስፒታሎች ነበር። የሥጋ ቁስል ይጠግጋል። ከሞት የተረፈ ሰው ግን ያችን ቀን በየሌሊቱ ዳግመኛ ሊኖራት ይችላል። በዚህች ከተማ ከእስር፣ ከጦርነትና ከአስጨናቂ ጉዞ የተረፉ ኢትዮጵያውያንም ይኖራሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሕልሙን ሲናገር «የሞት ምልክት ነው» ወይም «ያልተናዘዝከው ኃጢአት አለ» ቢባል፣ ፈቺው በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል። አፍሪካዊው አውግስጢኖስ እንኳ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ፣ ሰው በሕልሙ ከሆነው ነገር ነቅቶ ወደ ኅሊናው ሰላም እንደሚመለስ አስተውሏል።

የዘመኑ ሕክምና ለጥንቱ ምሳሌ አዲስ መልክ ሰጥቶታል። ቅዠት ለሚደጋገምባቸው ሰዎች ከሚሰጡት ሕክምናዎች በአንዱ፣ ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ አንድ ክፉ ሕልሙን ይመርጣል፤ አካሄዱን እንደ ፈቀደ ይለውጣል፤ አዲሱንም ታሪክ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች በአእምሮው ይለማመዳል። ሐኪሙ መንገዱን ያሳያል እንጂ የሕልሙን ፍጻሜ አይመርጥለትም። «ሕልም እንደ ፈቺው» የሚለው ቃል እዚህ ይጸናል፤ ፈቺው ግን ሕልመኛው ራሱ ሆኗል።

እንግዲህ የፍቺው መብት የሕልመኛው ነው፤ የሰሚው ድርሻ አብሮ መቀመጥ ነው። ሰሚ ሊያውቀው የማይችለውን ትርጉም ከመስጠት ተቆጥቦ በጎውን ቢመኝ፣ ሲያስፈልግም ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቢያደርስ እውነትን አልሸሸገም። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል። እንቅልፍ የፈራ ሰው ዓይኑን ለመክደን የሚደፍረው ግን፣ ሲነጋ ሳይፈርድ የሚሰማው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው።