ዋጋና ጨዋነት

በሙዚቃ ዝግጅት ላይ የሚነሣው ሁካታ እንዲቀር ታዳሚው ይነስ፣ መግቢያው ይወደድ የሚሉ ወገኖች አሉ። ብዙ የከፈለ ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል ማለታቸው ነው። እኛ ግን ይህን አንቀበልም።

እ.ኤ.አ. በ1913 በፓሪስ የሩስያዊው የስትራቪንስኪ አዲስ የባሌ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ዋጋው እጥፍ ነበር፤ የከተማይቱ ባለጸጎች ግን በጩኸትና በፉጨት ሙዚቃው እንዳይሰማ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ ዉድስቶክ በተባለው ዝግጅት፣ አብዛኛው ሰው በነጻ ገብቶ ከ400,000 የማያንስ ሕዝብ በአመዛኙ በሰላም ሰነበተ። በዚያው ስም በ1999 ሲደገም መግቢያው 150 ዶላር ያህል ነበር፤ ፍጻሜው እሳትና ዝርፊያ ሆነ።

ጥቂት ሲሆኑ ሰው ከሰው ይተፋፈራል፤ ይህን አንክድም። ይሉኝታ ግን በገንዘብ አይገዛም። እንዲያውም ብዙ የከፈለ ሰው የፈለገውን ለማድረግ መብት የገዛ ይመስለዋል። ዋጋ የሚለየው ኪስን እንጂ ጠባይን አይደለም።

በር ላይ የሚቀረው ድኻስ ምን አጠፋ? ሳያውክ አዋኪ ተብሎ ተፈርዶበታል። ስለዚህ የሚረብሸውን ለይተን እንምከር፤ እምቢ ካለም እናስወጣው። በሩ ግን ለሁሉም ክፍት ይሁን።