የባልንጀራን ልሳን ስለ መናቅ

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ባልንጀራውን ሳይመታው፥ ገንዘቡንም ሳይቀማው፥ ልሳኑን በመናቅ ብቻ ሊበድለው ይችላልን? ብዙ ሰው ይህን ከኃጢአት አይቈጥረውም። ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ አገር ታሪክ ጀምረን እንመርምረው።

እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ዓመት ግብፅን ያዘ። እርሱም ከሞተ በኋላ ከጦር አለቆቹ አንዱ በጥሊሞስ አገሪቱን ወሰደ፤ ዘሩም እስከ 30 ዓመት ቅድመ ልደት ድረስ ገዛ። እነዚህ የግሪክ ነገሥታት የግብፅን ነገር ሁሉ አልናቁም። በኤድፉ ከ237 እስከ 57 ዓመት ቅድመ ልደት የተሠራውን ታላቅ ቤተ ጣዖት ያሠሩ እነርሱ ናቸው፤ በግድግዳውም ላይ የፈርዖንን ልብስ ለብሰው ተቀርጸዋል። ነገር ግን ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፥ ከመጨረሻይቱ ንግሥት ከክሊዮፓትራ በፊት የነበሩት የግብፅን ቋንቋ ለመማር አልደከሙም። ልብሱን ለበሱ፥ ግብሩንም ተቀበሉ፤ የገበሬውን ቃል ግን በገዛ ጆሮአቸው አልሰሙም።

ይህ በታናሹ ሰው ላይ ምን እንዳመጣ አንድ ደብዳቤ ይነግረናል። በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን የመንግሥቱ ገንዘብ ሹም የአጵሎንዮስ ወኪል የነበረ ዜኖን የሚባል ሰው ነበረ፤ ወረቀቶቹም በፋዩም ምድር ተገኝተዋል። ከእነርሱ በአንዱ በግመሎች ላይ የተሾመ አንድ ሠራተኛ ደመወዙን እንደ ከለከሉት፥ በፈንታውም መናኛ የወይን ጠጅ ሊሰጡት እንደ ፈለጉ፥ የናቁትም ባዕድ ስለ ሆነና እንደ ግሪክ መሆን ስለማያውቅ እንደ ሆነ ያመለክታል። ስሙ ከወረቀቱ ላይ ጠፍቶአል። አቤቱታውም የተጻፈው በግሪክ ቋንቋ ነው፤ በሌላ ልሳን ቢጻፍ ማን ያነብለት ነበር? ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ተከለከለው የሠራተኞች ደመወዝ የጻፈውን የሚያነብ ሁሉ ይህን ሰው ያስበው።

ነገሩ ወደ እኛም ደጅ ይደርሳል። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ የጋሞ ደጋ በጦር ተያዘ፤ ሕዝቡም ገባር ሆነ። ገበሬው በአባቶቹ መሬት ላይ እህሉንና ጉልበቱን ገበረ፤ ክርክሩንም በአስተርጓሚ አፍ ለሹሙ አሰማ። ጋሞ ግን ቀድሞም ሸንጎ ነበረው፤ በዱቡሻ ተቀምጦ ይመክራል፥ ይፈርዳል፥ ያስታርቃል። ቋንቋውን የማይሰማ ሹም በዚያ የተቀመጡትን ሲያይ ዳኞች ይሁኑ ሥራ ፈቶች በምን ያውቃል? የመሬቱ ቀንበር በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ተሰበረ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት እንዲታወቁ ደነገገ። የልብን ንቀት ግን አዋጅ አይሽረውም።

እንግዲህ የጋራ ቋንቋ ክፉ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። ይህችም ጽሕፈት በአማርኛ መጻፏን የገረሴ አንባቢ ሳይታዘብ አይቀርም። በእነዚያው በበጥሊሞሳውያን ዘመን በእስክንድርያ ኦሪት ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ተተረጐመች፤ የግዕዙም ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ ተተርጕሞ ለአባቶቻችን ደረሰ። ልሳን መሻገሪያ ድልድይ ሲሆን በረከት ነው። ደመወዝ የሚከለከልበትና ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ሲሆን ግን በደል ነው። በበዓለ ኀምሳም መንፈስ ቅዱስ ሕዝቡን ሁሉ ገሊላኛ አላስተማረም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ።

ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ የተቀመጥህ ወንድሜ ሆይ፥ ከደጋው የወረደች እናት በጋሞኛ ስትናገርህ ፊትህን ታጠቍራለህን? አንተስ ተማሪ ሆይ፥ በገበያ ቀን እናትህ በጋሞኛ ስትጠራህ በባልንጀሮችህ ፊት አፍረህ በአማርኛ ትመልስላታለህን? ከሹሙ ንቀት ይልቅ ይህ ያሳዝነኛል፤ ሹሙ የባዕድን ልሳን ናቀ፥ ልጁ ግን የገዛ እናቱን።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ተገደሉት ወገኖቻቸው የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም የሣሩን ትርጕም ከልጅነታቸው ያውቁት ነበርና ተመለሱ።