የመንገደኛ ሸክም

ሰው ስንቁን ሲቋጥር ጠባዩንም አብሮ ይቋጥራል። የሚፈራውን፣ የሚወደውንና በማን እንደሚተማመን ከዕቃው ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ በብስክሌት ብዙ ሳምንት ለመጓዝ ያሰበ ወጣት «ዕቃዬን በምን ልያዘው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ብቻ አይደለም። «ከሚያስፈልገኝ ነገር የትኛውን እኔ ራሴ ልሸከም? የትኛውንስ በሌላ ሰው ላይ ልጣል?» የሚል ጥያቄ በውስጡ አለ።

አስቀድመን ስለ አያያዙ እንናገር። ዕቃን በጀርባ ማዘል ለአጭር መንገድ ይበቃ ይሆናል፤ ለረዥም መንገድ ግን ትከሻን ያደክማል፤ ክብደቱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በመታጠፊያ ላይ ሚዛን ያሳጣል። ከመንኰራኩሩ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው የሚንጠለጠሉ ሁለት ከረጢቶች ይሻላሉ፤ ነገር ግን የሁለቱ ክብደት ካልተስተካከለ፣ ያጋደለ ጭነት በቅሎን እንደሚያውክ ብስክሌቱን ያውከዋል። ሁሉም ከኋላ ሲከመር ደግሞ ራጂ የሚባሉት የመንኰራኩሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ይሰበራሉ። ከኋላ የሚጐተት ትንሽ ጋሪ ብዙ ይይዛል፤ ግን ዳገት ላይ ይከብዳል፤ ሊተነፍስ የሚችል ጎማም ይጨምራል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ይህ ነው፤ መያዣው ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ ባዶውን አያድርም። ሰው የሚያስፈልገውን ለመያዝ ከረጢት ይገዛል፤ በኋላ ግን ከረጢቱን ለመሙላት የማያስፈልገውን ይሰበስባል።

ቶማስ ስቲቨንስ የተባለ ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ። የፊት መንኰራኩሩ እጅግ ትልቅ በሆነው በዚያን ዘመን ብስክሌት፣ ባሕሩን በመርከብ እየተሻገረ፣ ዓለምን ዞሮ በ1886 ዓ.ም. መጨረሻ ዮኮሃማ ደረሰ። ሲነሣ የያዘው ካልሲ፣ ትርፍ ሸሚዝ፣ ለመኝታና ለድንኳን ጭምር የሚያገለግል የዝናብ ካፖርትና አንድ ሽጉጥ ነበር። ይህን ስንሰማ «እንዴት ያለ ነጻ ሰው ነው!» እንላለን። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ምግብና መጠለያ በየመንገዱ ያሉ ሰዎች ይሰጡት ወይም ይሸጡለት ነበር። ያልተሸከመው ዕቃ ከዓለም አልጠፋም፤ በሌሎች ቤት ነበረ።

ታዲያ ቀላል ሆኖ መሄድ በደል ነውን? ሁለት ጓደኛሞች አብረው ጉዞ ጀመሩ እንበል። አንደኛው ሸክም ለማቅለል ሲል የጎማ መንፊያውንና መለጠፊያውን፣ ለጓደኛው ሳይነግር፣ ከቤቱ ትቶ ወጣ። ዳገቱን ቀድሞ እየወጣም «ምነው ዘገየህ?» እያለ በጓደኛው ይስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎማው ተነፈሰ። ያን ጊዜ የጓደኛውን ከረጢት ከፈተ። እንግዲህ ፍረድ፤ ሦስት ቀን ሙሉ መንፊያውን ሲሸከምለት የነበረ ማን ነው? ነገር ግን ሁለቱ ከመነሣታቸው በፊት ተማክረው «አንድ መንፊያ ለሁለታችን ይበቃል፤ አንተ እርሱን ያዝ፣ እኔ ድስቱን እይዛለሁ» ተባብለው ቢሆን ኖሮ፣ ያው ቅለት ጥበብ በተባለ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። በደሉ የሸክሙ ማነስ አይደለም፤ ሳይጠይቁ በሌላው ላይ መጣሉ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ «ማንንም ከምለምን ሁሉን ልያዝ» የሚል አለ። ይህ ጨዋነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፍርሃትና ኵራት ነው። ለክፉ ቀን ብሎ የጫነው ዕቃ ራሱ ክፉውን ቀን ያመጣበታል። ከክብደቱ የተነሣ ሽቦው ይሰበራል፤ አልለምነውም ያለውንም ሰው ደጅ ይጠናል።

በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያሳየችን ደርቭላ መርፊ የተባለች የአየርላንድ ሴት ናት። በዚያው አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. በብስክሌት ወደ ህንድ ስትነሣ፣ ትርፍ ጎማዎችን በጉዞዋ ላይ ወዳሉ ከተሞች አስቀድማ ላከች። ጎማውን ሁሉ አልተሸከመችም፤ ለዕድልም አልተወችውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገራችን በእግሯ ስትጓዝ ግን ዕቃዋን በበቅሎ ጫነች፤ ስለዚሁ ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍም በ1968 ዓ.ም. ታተመ። መንገዱ ሲለወጥ አያያዟም ተለወጠ።

ወጣት ሆይ! ከረጢትህን ከማሰርህ በፊት ዕቃህን አንድ በአንድ እያነሣህ «ይህን ብተወው የሚቸገረው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው?» ብለህ ጠይቅ። የምትቸገረው አንተ ብቻ ከሆንህ ለመተው አትፍራ፤ ጥቂት መቸገር ያስተምርሃል። የሚቸገረው ሌላ ከሆነ ግን ወይ ያዘው፣ ወይ አስቀድመህ ንገረውና ፈቃዱን ጠይቅ። በመጨረሻም፣ ባዶ ስፍራን ሳይሞሉ መተው ከባድ መሆኑን ብናውቅም፣ በከረጢትህ ውስጥ ጥቂት ስፍራ አስቀር። ጓደኛህ ዳገት ላይ ሲደክም ከሸክሙ የምትቀበልበት ይሁንህ።