ሚዛኑን ማን ይያዝ?

የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ የፈረደ ዳኛ «አዳልቷል» ይባላል። ይህን የማይቀበል ያለ አይመስለንም። ታዲያ በሬዲዮ የሚናገረውንስ «የሌላውንም ወገን አሰማ» ብሎ ማስገደድ ይገባል ወይ? አስገዳጁስ መንግሥት ሲሆን?

አሜሪካኖች ነገሩን ሞክረውታል። የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው መመሪያ መሠረት ፈቃድ ያገኘ ጣቢያ ሁሉ ሕዝብን ለሚያከራክር ጉዳይ ጊዜ መስጠት፣ ተቃራኒ አስተያየቶችንም ማሰማት ነበረበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአየር ሞገዱ ጥቂት፣ መናገር የሚፈልገው ብዙ። ሞገዱም የባለጣቢያው ርስት አይደለም።

በ1964 ሬድ ላየን በምትባል የፔንሲልቫንያ ከተማ ያለ ጣቢያ፣ ቢሊ ጄምስ ሃርጊስ የተባለ ሰባኪ ጋዜጠኛውን ፍሬድ ኩክን ሲያብጠለጥል አሰማ። ኩክ «መልሴን በነፃ አሰሙልኝ» ቢል ጣቢያው እምቢ አለ። ክርክሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1969 የሚቀድመው የአድማጩ መብት ነው ተብሎ ተፈረደ።

እኛም ይህን ስናነብ «እሰይ!» ብለን ነበር። ግን ምን ያደርጋል! ፍሬድ ፍሬንድሊ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳጋለጠው፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰዎች ያንኑ ደንብ የቀኝ ክንፍ ጣቢያዎችን ማስጨነቂያ አድርገውት ኖሯል። ሚዛኑ ዱላ ሆነ ማለት ነው። ጣጣ የፈሩ ባለጣቢያዎችም «ዝም አይነቅዝም» ብለው አከራካሪውን ነገር ጨርሶ ሊተዉት ይችላሉ። ኮሚሽኑ ራሱ ይህን ምክንያት ጠቅሶ በ1987 ደንቡን አነሣው። ከዚያ ቀደም ብሎ ምክር ቤቱ ሕግ አድርጎ ሊያጸናው ቢሞክር ፕሬዚዳንት ሬገን አልፈርምም ብለው ነበር። ደንቡ ከተነሣ ወዲያ የአንድ ወገን ንግግር ገበያው ደራ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? እኛ ሁለቱን ነገሮች እንለያቸዋለን። ስሙ ተጠርቶ የተነካ ሰው መልስ ይስጥ ማለት ፍትሕ ነው። መልሱን ሹሙ አይጽፍለትም፤ የሚናገረው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። በአሜሪካም ይኸኛው ክፍል እስከ 2000 ድረስ ቆይቶ ነበር። «ይህ ንግግር ሚዛኑን ጠብቋል፣ ያኛው አልጠበቀም» የሚለውን ፍርድ ግን ለሹም መስጠት ያስፈራናል። ሹሙም እኮ ወገን አለው!

ደግሞስ ደንብ አፍን እንጂ ጆሮን አያስገድድም። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ስንከራከር፣ የማንወደውን ሰው ቃል እስኪጨርስ የምንሰማ ስንቶቻችን ነን? ሬዲዮው ሁለቱንም ወገን ቢያሰማን፣ አንዱ ሲናገር ተነሥተን የምንዘጋው እኛው ነን። ይህን ደግሞ የትኛውም ኮሚሽን አያቃናልንም።